የጎረምሳ ሆድ

ነሐሴ 9 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በወሎ ሐይቅ ከተማ ያለውን የእኅቴን ቤት ቆርቆሮ ሲደበድብ ያመሸው ዝናብ ጥቂት ጋብ ባለበት ጊዜ፣ የጓሮው በር ሲጥ ሲል ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ሲጥ አለ። በሦስተኛው ጊዜ የእጅ ባትሪ ይዤ ብወጣ፣ የአሥራ አራት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ደጃፉ ያለችውን አሥር እርምጃ የማትሞላ መንገድ ግድግዳ እየተደገፈ ሲመለስ አገኘሁት። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ» አለኝና ቃሉን ሳይጨርስ ከእግሬ ሥር አስመለሰ።

ሕፃን ሲታመም ያለቅሳል፤ ሽማግሌ ሲታመም ይናገራል፤ ጎረምሳ ግን ድምፁ መጎርነን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሕማሙን እንደ ገመና የሚሸሽግ፣ ከእናቱ ዓይን ወጥቶ ከራሱ ጥበቃ ገና ያልገባ፣ በሁለት ደጆች መካከል የቆመ ፍጡር ነውና፣ ሆዱ በታመመ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ደዌው ሳይሆን «ምንም አልሆንኩም» የምትለው ቃል ናት። እናቱ በማግሥቱ ለጎረቤት ስታወጋ «ሲርበው የማያፍር፣ ሲያመው የሚያፍር» አለችው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ከሐኪምም አልሰማሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ቀን በፊት እንደ ነበረ ኋላ ተናዘዘ። ከእኩዮቹ ጋር ከመንገድ ዳር በለስ ገዝተው፣ እሾሁን ለማራገፍ ከተራራው በሚወርደው ደፍራሽ ጎርፍ አጥበው በልተዋል። በማግሥቱ ሆዱን ሲቆርጠው፣ እርሱ ደግሞ ጾመ ፍልሰታን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የያዘና ነሐሴ 16 ቀን ሥጋ ወደሙ ለመቀበል የተዘጋጀ ልጅ ነበርና፣ ዝም ብሎ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄዶ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲሰማ ዋለ። ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለመማር የመጡበት፣ እስከ ዛሬም ድረስ ሴት የማይገባበት ቅዱስ ስፍራ ነው። እንግዲህ እናቱ ብትከተለው ኖሮ እንኳ ከቅጽሩ ውጭ ትቀር ነበር እንጂ ልጇ በቀን ስንት ጊዜ ከሰው መካከል ተነሥቶ ወደ ዱር እንደ ወጣ ልታይ አትችልም። ያስመለሰው ወይም ሆዱ የሚሄድበት ሰው ወደ ቁርባን እንዳይቀርብ የሚከለክለውን ሥርዓት ልጁ ጠንቅቆ ያውቃል። የሸሸገውም ስለዚሁ ነው። እኔ በእርሱ ዕድሜ ለኳስ ስል እግሬ ወልቆ እያለ ሸሽጌ አውቃለሁና ልፈርድበት አልቻልኩም።

እኅቴ ነቅታ መጣች። «ማሙሽ፣ ምነው ሳትነግረኝ?» አለችው፤ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ «ማሙሽ አትበይኝ» ብሎ መለሰላት። ግንባሩን ዳሰሰች፤ ትኩሳቱ ያን ያህል አልነበረም። ምላሱን አሳያት፤ ደርቋል። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀችው ጥያቄ ግን እኔ በሃምሳ ዓመቴ ልጠይቀው ያላሰብኩት ነበር። «ሽንትህን የሸናኸው መቼ ነው?» አለችው። ልጁ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ፣ አፈረም፣ በመጨረሻም «ትናንት፣ ከቅዳሴ በፊት» አለ። ቅዳሴው የተገባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበርና አሥራ አራት ሰዓት አልፎታል ማለት ነው።

ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ለሦስት ዓመቷ ታናሽ እኅቱ ከጤና ኬላ ተሰጥቶ የተረፈ አንድ ፓኬት ለምለም አወጣች። ለምለም ማለት በሀገራችን ያለች እናት ሁሉ የምታውቀው፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ፓኬቱን ቀደደችና ሁሉንም በአንዲት የሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ገለበጠችው፤ «ትልቅ ልጅ ነው፣ ጠንከር ይበልለት» ብላ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጠገቧ ቆሜ ትክክል መስሎኝ ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ፊቱን አኮማተረና «ጨው ነው እኮ!» ባለ ጊዜ ነው የተጣለውን ፓኬት አንሥቼ በባትሪ ብርሃን ያነበብኩት፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥ ይላል።

ይህን ስሕተት እንዲያው እንደ ዋዛ የምናልፈው አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ከእኅቴ ቤት ቁልቁል ወደሚታየው ውሃ መመልከት ይበቃል። የሐይቅ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ከአርድቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝና በክረምት ከዙሪያው ጋራ የሚወርዱት ጅረቶች ይገቡበታል፣ በምድር ፊት ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ውሃው በፀሐይ ሐሩር ይተናል፣ ማዕድኑና ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። የሰው ሥጋ ግን በተቅማጥ ጊዜ እንደዚህ አይደለም፤ ውሃውን ከነጨዉ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ብቻውን የተሰጠ ውሃ ከተወሰደው ግማሹን ብቻ ይመልሳል፣ ልክ የሌለው ጨው ደግሞ በአንጀት ውስጥ ተቀምጦ ከደም ሥር ውሃን እየሳበ የባሰ ያደርቃል። የለስላሳ መጠጥም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስኳሩ ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ ውሃን ወደ አንጀት ይስባል። ጎረምሳ ሲታመም ሚሪንዳ እየገዛ የሚሮጥ አጎት ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የለምለሙ ጥበብ ያለው በልኩ ላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ባጸናው ቅመማ መሠረት በአንዱ ሊትር ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለ፤ በጠቅላላው ሃያ ግራም ከግማሽ ብቻ። በአንጀት ግድግዳ ላይ ባሉት ኅዋሳት ውስጥ፣ ስኳርና ጨው ተያይዘው ካልመጡ በቀር የማትከፈት አንዲት ጠባብ በር አለች፤ አንዱ የግሉኮስ ቅንጣት ሁለት ሶዲየም አስከትሎ ይገባል፣ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ይህችን በር አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን በ1960 እ.ኤ.አ. በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ገለጠ። የሚያስደንቀውም ኮሌራን የመሰለ ጨካኝ ደዌ እንኳ የመውጫውን በር በርግዶ ሲከፍት ይህችን መግቢያ ሳያበላሻት መተዉ ነው።

ነገር ግን ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ ወጥቶ ለሕዝብ የደረሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በጦርነት መካከል ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ወደ ሕንድ የፈለሱት ስደተኞች በቦንጋዎን ሰፈር በኮሌራ ሲረግፉ፣ ዲሊፕ ማሐላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀበት ጊዜ፣ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ በአንድ ሊትር ልክ አስመዝኖ በከረጢት እያሸገ፣ በበርሜል አስበጥብጦ ለእናቶችና ለወንድሞች አደለ፤ በሽተኛውን የሚያጠጣው ዘመድ እንጂ ነርስ አልነበረም። ከመቶው ሠላሳ ያህል ይሞት የነበረው ሕሙም ከመቶ ወደ አራት ገደማ ወረደ። ዘ ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1978 እ.ኤ.አ. ይህ ግኝት ከመቶ ዓመቱ የሕክምና እመርታዎች ሁሉ ምናልባት ዋነኛው ሊሆን ይችላል ሲል መሰከረለት። እኔም በዚያች ሌሊት፣ የሐይቅን ጭቃ በረገጠ ጫማዬ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ ስንከራተት፣ የማሐላናቢስ ሠራተኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ሁለተኛ ፓኬት አልነበረንም። እኅቴ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በሃይላንዱ ሞላች፤ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራ አወዛወዘችው። ለጥ ያለ ማለት በቢላ የተላገ ማለት ነው፤ የኛ ማንኪያ ቁልል ማለት ስለሚወድ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይፈረድብኝም። ቀምሳ «እንባ እንባ ይላል» አለች፤ እንባ እንባ ካለ ልክ ነው፣ ከእንባ ከበለጠ ተደፍቶ እንደ ገና ይበጠበጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቁጠር ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በቀድሞው ዘመን በነገሥታቱ ግቢ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል፤ በዚያች ሌሊት ያ ማዕረግ ከገዳሙ ወርዶ ከእኅቴ ጓዳ ገባ። ልጁ ባስመለሰ ጊዜ አሥር ደቂቃ አስታገሠችው፤ ከዚያም በየሁለት በየሦስት ደቂቃው በማንኪያ፣ ማንኪያው ሲረጋለት በስኒ፣ ስኒው ሲረጋ በብርጭቆ አጠጣችው። ለእያንዳንዱ ስኒ ከምድጃው ፍም አጠገብ ባነሣችው ከሰል ግድግዳው ላይ አንዲት ጭረት ጫረች። ወደ ጓሮ በወጣ ቁጥር ደግሞ ከጭረቶቹ በታች ክብ ሠራች። «ምንድን ነው ይኼ፣ የዕቁብ ሂሳብ ነው?» ብሎ አሾፈባት፤ እኔም ማሾፍ ከጀመረ ዳነ ብዬ አሰብኩ።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። አርባ አምስት ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ከክብደቱ አምስት በመቶ ሲጎድልበት፣ ከሰውነቱ የወጣው ሁለት ሊትር ከሩብ ነው፤ ይህም ከጠዋት እስከ ማታ ሊመለስ የሚችል፣ ሳይመለስ ከቀረም ወደ ሰመመን የሚያደርስ ልክ ነው። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጥማት ጠንቶበት፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ቀስ ብሎ የሚመለስ ልጅ፣ እንደዚህ ያለ ክብደት ካለው፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ2,200 እስከ 4,000 ሚሊ ሊትር የሚሆን የለምለም ውሃ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ውሃ በ«ጠጣ ልጄ» ብቻ አይጠጣም፤ በጭረት ነው።

ጎሕ ሲቀድ፣ የሱብሒ አዛን ከከተማው መስጊድ ተሰምቶ ጥቂት ቆይቶ፣ ጎረቤታችን ሙስሊሟ እናት የሩዝ ውሃ በጀበና ይዘው መጡ፤ ሌሊቱን የበራውን መብራት አይተው ኖሯል። «አይዞሽ እታለም፣ አላህ ያሽረዋል» ብለው ተቀመጡ። ወዲያው ምክር ቤት ተከፈተ። አያቱ ፌጦ በሎሚ አሉ፤ ጎረቤቲቱ የለም አብሽ ይሻለዋል አሉ፤ የልጁ ታላቅ ወንድም ከሱቅ ፍላጂል ገዝቼ ልምጣ አለ። የአያቶቻችንን መድኃኒት የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የሚያስመልስ ጎረምሳን ባዶ ሆድ በፌጦ ማቃጠል የጠጣውን ውሃ መልሶ ማስወጣት ብቻ ነውና ፌጦው ለሌላ ቀን ይቆይ አልኩ። የሩዙን ውሃ ጨው ጣል አድርገንበት አሳለፍነው። ፍላጂሉን ግን ፈጽሞ እንቢ አልን፤ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ቫይረስን ደግሞ ፍላጂልም ሆነ ቴትራሳይክሊን አይነካውም፤ በትእዛዝ ሊሰጥ የሚገባውን መድኃኒት እንደ ከረሜላ ከሱቅ መግዛት ሀገራችንን የሚጎዳ ልማድ ነው፣ ያለ ይሉኝታ የምናገረውም ለዚህ ነው። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒንም ቢሆን ደም ለቀላቀለ ወይም ትኩሳት ላለው ልጅ መሰጠት የለበትም።

እነሆ እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልግለጽ። በሀገራችን የተቅማጥ ነገር የሚቆጠረውና የሚዘከረው ከአምስት ዓመት በታች ባለው ሕፃን ላይ ነው። የሕዝብና የጤና ጥናቱ እናትን የሚጠይቃት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ ታመመው ታናሽ ልጇ ነው፤ ከለምለሙ ጋር ለአሥር ቀን ወይም ለአሥራ አራት ቀን የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ለታናሹ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የገባው የሮታቫይረስ ክትባትም ለጨቅላው ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ሞት የሚበረታው በሕፃናት ላይ ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተማሩት ትምህርት ባይኖር እኅቴም የሽንቱን ጥያቄ ባላወቀችው ነበር። ነገር ግን ያን ትምህርት የተማረችው ለሦስት ዓመቷ ልጇ ነው፤ ለአሥራ አራት ዓመቱ እንደሚሠራ ማንም አልነገራትም፣ ፓኬቱን በብርጭቆ የበጠበጠችውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ወሎ ደግሞ ይህን ደዌ በከባድ ዋጋ የተማረ ሀገር ነው። በክፉ ቀን፣ ማለት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ ከብቱ አልቆ ሰው በረኃብ ሲረግፍ ኮሌራም አብሮ ገብቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ርኃብተኛው ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደሴ በሚወስደው በዚህ በእኛ መንገድ ዳርና ዳር ተሰልፎ፣ በመጠለያዎቹ ውስጥ ከርኃቡ ጋር ተቅማጡ ብዙ ሰው ጨረሰ። በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ምዕመን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ጠበል ለነፍስም ለሥጋም ፈውስ መሆኑን የማምን ሰው ነኝ፤ ሕዝብ በበዛበት ስፍራ መጸዳጃውና መጠጡ ሳይለያዩ ሲቀሩ የሚመጣውን ግን በጠበሉ ማሳበብ ኃጢአት ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጁ ወደ ጓሮ ወጥቶ ተመለሰና፣ እኔን ሳያይ፣ በእናቱ ጆሮ «ሸናሁ» አላት። «ምን ይመስላል?» አለችው። «ጠላ ይመስላል።» «ጠጣ እንግዲያ፣ ገና ነህ» ብላ ሁለት ስኒ ሰጠችው። ከቀትር በኋላ በተጠየቀ ጊዜ «ብርዝ ይመስላል» አለ፤ ከአምባሰል ማር የሚበረዘውን ቀላጭ ብርዝ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የላቦራቶሪ ውጤት የለም። በግድግዳው ላይ ጭረቶቹ ሠላሳ አንድ ደርሰው ነበር።

ባይሸና ኖሮ ወደ ሆስፒታል ልንወስደው መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። ሌላም ወላጅ ማወቅ የሚገባው አለ፤ ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ወይም የሩዝ እጣቢ መስሎ ያለ ማቋረጥ ከፈሰሰ፣ በማንኪያ የተሰጠውን ሁሉ ከመለሰ፣ ካልነቃ ወይም ከቀባዠረ፣ ሕመሙም ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሆዱ ታችኛው ክፍል ወርዶ እዚያው ከጸና፣ ያ የጓዳ ሕክምና ጉዳይ አይደለምና ሰዓት ሳይታለፍ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የመጨረሻው የትርፍ አንጀት ምልክት ነው፤ ጎረምሶችንም አጥብቆ የሚይዝ ሕመም ነው።

ጾሙን በተመለከተ የነፍስ አባቱ ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ ለታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት በአጭሩ ነገሩት፤ ጎረቤቲቱም በረመዳን የእኛም ሕግ እንዲሁ ነው ብለው አጸኑለት። የገብስ አጥሚት፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች በላ። እጁን በሳሙና መታጠብ ሲሰለቸው እናቱ ታናሽ እኅቱን እያሳየች ተቆጣችው። ለሁለት ቀን የብቻው ብርጭቆ ተሰጠው፤ መጸዳጃ ቤቱም በበረኪና ታጠበ። ነሐሴ 16 ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ አስቀደሰ፣ ሳይቀበል ተመለሰ፣ ሦስት እንጀራም በዶሮ ወጥ በላ።

መስከረም ሲመጣ፣ በ21ኛው ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ከየአገሩ ወደ አምባሰል የሚወጣው ምዕመን ጎረምሶቹንና ኮረዶቹን አስከትሎ ይወጣል፣ ከላይ ሕዝቡ ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ነው። ስንቃችሁን ስትቋጥሩ ሁለት ፓኬት ለምለምና አንድ የሊትር ሃይላንድ ጨምሩበት፤ ማታ ማታም፣ ቢያፍርም፣ ጎረምሳችሁን ሽንቱን መቼ እንደ ሸና ጠይቁት።